ሁለተኛው ፎቅ ኢንተርኔት ለምን አያገኝም?

ጥያቄ፦ የቢሯችን ዋና ራውተር 192.168.10.0/24 ለተባለው ኔትዎርክ ኢንተርኔት ያከፋፍላል። ለሁለተኛው ፎቅ 192.168.20.0/24 የተባለ ኔትዎርክ አድራሻው 192.168.10.2 በሆነ ሌላ ራውተር ብንዘረጋም ኢንተርኔት አላገኘንም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሁለተኛው ራውተር ዲፎልት ራውት (ሌላ መንገድ ያልተጻፈለት ሁሉ የሚሄድበት መንገድ) ወደ ዋናው ራውተር የሚያመለክት ከሆነ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በመመለሻው መንገድ ላይ ነው፤ ዋናው ራውተር አዲሱ ኔትዎርክ የት እንዳለ ስለማያውቅ፣ ከኢንተርኔት የመጣውን መልስ በራሱ ዲፎልት ራውት መልሶ ወደ ውጭ ይሰደዋል። ስለዚህ በዋናው ራውተር ላይ፣ ወደ 192.168.20.0/24 የሚሄደው ሁሉ በ192.168.10.2 በኩል እንዲያልፍ ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ ቋሚ መንገድ) ይጨምሩ። ቀጥሎ የኤንኤቲ (በውስጥ ኔትዎርክ ብቻ የሚሠራውን የግል አድራሻ በኢንተርኔት አድራሻ የሚተካው አሠራር) ደንቡን ይመልከቱ፤ 192.168.10.0/24ን ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ፣ የአዲሱ ኔትዎርክ ፓኬቶች (የሚላኩት የመረጃ ጥቅሎች) የግል አድራሻቸውን እንደያዙ ይወጣሉ፤ እንዲህ ላለ አድራሻ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ መመለሻ መንገድ የለም። በሁለተኛው ራውተር ላይም ኤንኤቲ ከፍቶ መገላገል ይቻላል፤ ሆኖም የትኛው ኮምፒውተር ምን እንደላከ በዋናው ራውተር ላይ መለየት ስለማያስችል አልመክረውም።