«ዴድ ኤንድ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዚህ አምድ አዘጋጅ፣ የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ዕቃ በማድረስ ሥራ እተዳደራለሁ። እዚህ እንደመጣሁ ሰሞን በአንድ መንደር መግቢያ ላይ «ዴድ ኤንድ» የሚል ቢጫ ምልክት አይቼ፣ «ዴድ» ከሞት ጋር እንደሚያያዝ ብቻ ስለማውቅ፣ አደጋ ያለበት ቦታ መስሎኝ መኪናዬን አዙሬ ተመልሻለሁ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ባልደረባዬ ሥራችንን «ዴድ ኤንድ ጆብ» ሲል ሰማሁት። ቃሉ ስድብ ነው? ከ«ዴድሎክ» በምን ይለያል? ልጄ «የሞተ መጨረሻ» ብላ ተርጉማልኛለች፤ ትክክል ናት?

መልስ፦ ምልክቱ የሚነግርዎ መንገዱ ከፊት የተዘጋ መሆኑንና በገቡበት እንደሚወጡ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሾፌር በማያውቀው ቅያስ ሲታጠፍ፣ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው እጁን እያወዛወዘ «አያስወጣም!» ይለዋል። እኔ ለ«ዴድ ኤንድ» ከዚህ አንድ ቃል የተሻለ አቻ አላገኘሁም። ልጅዎ እያንዳንዱን ቃል በትክክል ፈትታዋለች፤ ነገር ግን «የሞተ መጨረሻ» የሚለውን አማርኛ የሚሰማ ሰው ስለ መንገድ እየተወራ መሆኑን ሊጠረጥር አይችልም።

እዚህ ላይ «ዴድ» የሚያመለክተው እንቅስቃሴ የሌለውን ነገር ነው። አገላለጹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዘመን አንድ ጫፉ ለተደፈነ ቧንቧ ይነገር ነበር፤ ቆይቶ ለባቡር ሐዲድና ለጎዳናም ዋለ። እኛም «ገበያው ሞቷል» ወይም «ባትሪው ሞቷል» ስንል የቀበርነው ሰው የለምና፣ ነገሩ ለአማርኛ ጆሮ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ለሥራዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፦ «ኖ አውትሌት» የሚል ተመሳሳይ ቢጫ ምልክትም ያጋጥምዎታል። ይህኛው ብዙውን ጊዜ የሚተከለው መንገዱ ውስጥ ለውስጥ ወደ ሌሎች ቅያሶች ቢከፋፈልም መንደሩ በጠቅላላ ከመግቢያው ሌላ መውጫ በሌለው ጊዜ ስለሆነ፣ የሚፈልጉት ቤት ከብዙ መታጠፊያዎች በኋላ ሊገኝ ይችላል።

ከጎዳና ወጥቶ ለሐሳብና ለጥረት ሲነገር ደግሞ፣ ሲሞከር የቆየው ነገር ከዚህ በኋላ እንደማይቀጥል ያሳያል። ፖሊስ ምርመራው «ዴድ ኤንድ» ላይ ደረሰ ካለ፣ በአማርኛ «ምርመራው ፍንጭ አጥቶ ቆመ» ብንል ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ይተላለፋል። የተዘጋው ግን የተሄደበት መንገድ ነው፤ መርማሪው ተመልሶ በሌላ በኩል ሊሞክር ይችላል። በዚህም ምክንያት «ሁሉ ነገር ጨለመብኝ» ከሚለው የእኛ አነጋገር ጋር ማመሳሰሉን አልደግፍም፤ ያኛው የሰውየውን ልብ ሲናገር ይህኛው የመንገዱን ሁኔታ ይናገራል።

«ዴድ ኤንድ ጆብ» ማለትም በዚሁ መንገድ የደረጃ ዕድገት የማይገኝበት ሥራ ማለት ነው። ጉድለቱ የሚነገረው በሥራው ላይ ስለሆነ ስድብ አይባልም፤ ባልደረባዎም ራሱን ጨምሮ ስለተናገረ ብሶቱን መግለጹ ይመስለኛል። ሆኖም አንድ ሰው ልጆቹን ስለሚያሳድግበት እንጀራ ሌላው እንዲህ ቢናገር ቅስም ይሰብራልና፣ እርስዎ ስለ ሰው ሥራ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ።

«ዴድሎክ» ግን ያለ ባላጋራ አይሆንም። ሁለት ወገኖች ሲደራደሩ ወይም ሲከራከሩ ቆይተው አንዱም አልላላም ሲል የሚፈጠር መቆላለፍ ነው። በአሜሪካ የወንጀል ችሎት ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የዳኝነት ሸንጎ («ጁሪ») አባላት በሙሉ ድምፅ መስማማት ሲያቅታቸው የሚነገረው ይህ ቃል ነው፤ ልዩነቱ ካልተፈታ ዳኛው ችሎቱ ያለ ውሳኔ እንዲያበቃ ሊያደርጉ ይችላሉ። ብቻዎን መንገድ ፈልገው ካጡ «ዴድ ኤንድ» ይበሉ፤ ለምሳሌ ከቤት አከራይዎ ጋር በኪራይ ዋጋ ተከራክራችሁ ሁለታችሁም በአቋማችሁ ከጸናችሁ ግን የሚስማማው «ዴድሎክ» ነው።