«ለድሪቶ ብለሽ ሆቴል ትከፍያለሽ?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙልኝ ስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ እላለሁ። የምሰፋው ኩዊልት ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ በንድፍ ይገጣጠማል፣ መሃሉ የጥጥ ንጣፍ ይገባል፣ ከሥር ገበር ይሆንለትና ሦስቱም አንድ ላይ ይሰፋሉ። ያስተማረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እኔ ግን አበባና ኮከብ የበዛበትን የድሮውን ዓይነት አልወድም፤ የሚመቸኝ ዘመናዊ የሚባለው ነው፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ያለው፣ ባለ አንድ ቀለም ደማቅ ጨርቅ የሚበዛበት።

አሁን ኩዊልትኮን የሚባለውን ኤግዚቢሽን ማየት በጣም አምሮኛል። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፣ ግን «ለድሪቶ ብለሽ ሆቴል ትከፍያለሽ?» ይለኛል። እውነት ለመናገር እኔም ፈራ ተባ እያልኩ ነው። ፎቶዎቹን ሳይ እኔን የምትመስል ሴት ብዙም አላይም፤ ብቻዬን ገብቼ ምን ልሆን ነው? ሌላም አለ። ከእናቴ የድሮ ቀሚስ የተረፈውን ጥበብ ግራጫ ጨርቅ ላይ እየገጠምኩ አንድ ኩዊልት ጀምሬአለሁ። ባልደረባዬ «ለውድድር ላኪው» ትላለች። ልላክ ወይስ መጀመሪያ ሄጄ ልይ?

ሰፊዋ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰፊዋ እህቴ፣

ሂጂ። ደግሞም ሂጂ የምልሽ ለመማርም ለመግዛትም ሳይሆን፣ የተሰቀለውን ኩዊልት በዓይንሽ ለማየት ነው።

ፎቶ ቀለሙንና ንድፉን ያሳይሻል፤ ስፌቱን ግን ይደብቅብሻል። ከሩቅ ባዶ የመሰለሽ ነጭ ቦታ ጠጋ ስትይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ጎን ለጎን በሚወርዱ የክር መስመሮች ተሞልቶ ታገኚዋለሽ፤ እዚህ ጋ ክሩ ግራጫ ነው፣ እዚያ ቀይ ይገባል፣ መስመሩ ድንገት ታጥፎ ሌላ ቅርጽ ይሠራል። በዘመናዊው ኩዊልት ግማሹ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእጅሽ እንዳትነኪ። ነጭ ጓንት ያደረጉ በጎ ፈቃደኞች ስታዪ ግን «ጀርባውን አሳዩኝ» በያቸው፣ ገለጥ አድርገው ያሳዩሻል። የሰፊ እጅ የሚታወቀው ከጀርባ ነው፣ ይህንን የእኛ ጥልፍ ጠላፊዎችም ያውቁታል።

እኔን የምትመስል የለችም ላልሽው፣ ይህን ስሚ። ኤግዚቢሽኑን የሚያዘጋጀውን ማኅበር፣ ሞደርን ኩዊልት ጊልድን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሎስ አንጀለስ ላይ ከመሠረቱት ሁለት ሴቶች አንዷ ላቲፋ ሳፊር ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ከዚያም በፊት አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ፣ ጉልበቱ ከነጣ ጂንስ፣ ለቤታቸው ብርድ መከላከያ ኩዊልት ይሰፉ ነበር። ያ ሥራ በ2002 ሂውስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አወጣለት። ዛሬ ዘመናዊ የሚባለው፣ ያለ ማስመሪያ በዓይን ግምት እየቆረጡ መግጠም፣ ብዙው የተማረው ከእነሱ ነው። ባለቤትሽ ድሪቶ ሲልሽ አትቆጪ፣ የጂስ ቤንድን ሥራዎች ፎቶ ፈልገሽ አሳዪው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኩዊልትኮን በ2013 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ፓሳዲና፣ ናሽቪል፣ ፊኒክስ፣ አትላንታ ሄዷል። ብዙውን ጊዜ ፌብሩዋሪ ላይ ነው፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ። ሰሜን ካሮላይና፣ ራሊ ሲሆን ላንቺ በመኪና የ4 ወይ የ5 ሰዓት መንገድ ነውና አውሮፕላን አያስፈልግሽም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የአንድ ወይ የሁለት ቀን መግቢያ ይበቃሻል። ክፍለ ትምህርቶቹ ዋጋቸው ከበድ ይላል፣ ግማሽ ቀን ወይ ሙሉ ቀን ይዘውሽ ይውላሉ፤ ያኔ ኩዊልቱን በሩጫ ልታዪው ነው። ንግግሮቹ ቀለል ይላሉ፣ ከፈለግሽ አንድ ስሚ።

ሱቆቹ ጋ ተጠንቀቂ። ፋት ኳርተር የሚሉት ቁራጭ፣ 18 በ22 ኢንች የሆነው፣ አምሮ ተጠቅልሎ «ውሰጂኝ ውሰጂኝ» ይልሻል። ከየዓይነቱ አንዳንድ ስትለቅሚ ገንዘቡ ያልቅና ቤትሽ የማይገጥም ቁርጥራጭ ይሞላል። ላንቺ ሥራ የሚጠቅምሽ ለመደቡ የሚሆን አንድ ቀለም በያርድ መግዛት ነው።

ብቻዬን ላልሽው፣ ብቻውን የሚመጣ ብዙ ሰው አለ። ራስሽ የሰፋሽውን ቦርሳ አንግተሽ ግቢ፤ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ብለው ወሬ የሚጀምሩት እነሱ ናቸው። ባልደረባሽም ብትመጣ ሆቴሉን ትካፈላላችሁ።

ኩዊልትሽን ደግሞ ላኪው፣ ግን ሳትቸኩዪ። ጥበቡ የሸማኔ እጅ ሥራ ስለሆነ ላላ ያለ ነው፤ ሲቆረጥ ይተረተራል፣ ሲሳብ ይለጠጣል። ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት ከጀርባው በካውያ የሚለጠፈውን ስስ ጨርቅ ለጥፊበት። ከዚያም በፊት ጫፉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገሽ እዪ፣ ቀለም ከለቀቀ ግራጫውን ያበላሽብሻል። የእናትሽ ቀሚስ ስለሆነ ሌላ የማታገኚው ነገር ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ላይ ሞክሪ።

ምዝገባው ከኤግዚቢሽኑ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ቀኑን አሁኑኑ እዪ። ዳኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት ፎቶ ብቻ ነው፤ አንዱ ሙሉውን፣ ሌላው ስፌቱን ከቅርብ የሚያሳይ። ቀጥ አድርገሽ ስቀዪው፣ በቀን ብርሃን አንሺው፣ ፍላሽ አትጠቀሚ። ካለፈ ከጀርባው የላይኛው ጫፍ ላይ መስቀያ ዘንግ የሚገባበት እንደ እጅጌ ያለ ጨርቅ መስፋት ይጠበቅብሻል። ካላለፈ ደግሞ ከሚላከው ብዙው አያልፍምና ለቀጣዩ ዓመት ሌላ ስፊ፤ ያም ሆነ ይህ ፌብሩዋሪ ላይ መግቢያሽን ቆርጠሽ ሂጂ።