የየጎፍን ጥድ ከአየር ላይ መለየት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የምሠራው በደን ልማት ሙያ ነው። ከአውሮፕላን በሚለቀቅ የሌዘር ጨረር የደንን ቁመት መለካት ብቻ ሳይሆን የዛፎቹንም ዓይነት መለየት እንደሚቻል ሰምቻለሁ። በከተማችን አቅራቢያ በሚገኘው በየጎፍ ተራራ ደን ያለውን የሐበሻ ጥድ ከፈረንጅ ጥድ፣ ወይራውንም ከባሕር ዛፉ የሚለይ ካርታ ዳገቱን በእግር ሳንወጣ ማዘጋጀት እንችላለን?
አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባሕር ዛፉን ከጥዱ መለየት በአብዛኛው ይቻላል፤ ሁለቱን ጥዶች በሌዘር ብቻ መለየት ግን አስቸጋሪ ነው፤ በእግር መውጣቱም አይቀርም።

መሣሪያው የሚለካው ጊዜን ነው። የጨረሩ ብልጭታ ቅጠል፣ ቅርንጫፍ ወይም መሬት ነክቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ወደ ርቀት ይሰላል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት ርቀቱን 15 ሴንቲ ሜትር ያዛባዋል። ብልጭታው በከፊል ከዛፉ አናት ሲመለስ ቀሪው በቅጠሎች መካከል ሾልኮ ስለሚወርድ፣ የደኑን ውስጣዊ አቋም የሚያሳዩ እጅግ ብዙ ነጥቦች ይሰበሰባሉ። የዛፉ ስም ግን በነጥቦቹ ውስጥ የለም፤ የሚገመተው ከአናቱ ቅርጽ፣ ነጥቦቹ ከላይ እስከ ታች ከተሰራጩበት ሁኔታና ከምላሹ ጥንካሬ ነው።

ያደገ ባሕር ዛፍ ረጅም፣ ቅጠሉም የተንጠለጠለና ሳሳ ያለ በመሆኑ ብዙ ጨረር ወደ መሬት ያሳልፋል፤ ወይራ አናቱ ክብና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሁለቱ ጥዶች ግን የአንድ ቤተሰብ ዝርያዎች ናቸው፤ በለጋነታቸው ሁለቱም ሾጣጣ ናቸው፣ ቅጠላቸውም ይመሳሰላል። ስለዚህ ከነጠላው ዛፍ ይልቅ የአብቃቀላቸውን ሁኔታ መመልከት ይሻላል። በተከላ የለማ የፈረንጅ ጥድ በእኩል ዕድሜና በተቀራራቢ ቁመት በመደዳ ይቆማል፤ ነባሩ የሐበሻ ጥድ ግን ትልቁ ከትንሹ፣ ከወይራውም ጋር ተሰባጥሮ ይገኛል፤ ሲያረጅም አናቱ ይሰፋል። በእኔ እምነት ከሌዘር የሚገኘው አስተማማኝ ምልክት ይህ ነው።

በፊንላንድና በኖርዌይ ዘዴው የተሳካው ዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች ጥቂት ስለሆኑ ነው፤ ከእነርሱም በርች የተባለው ዛፍ ቅጠሉን በብርድ ወራት ስለሚያራግፍ ልዩነቱ ይጎላል። የእኛ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆኑ ይህ ዕድል የለንም። ተዳፋቱም ሌላ ችግር ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ቁመት የሚሰላው በቀጥታ ከበታቹ ካለው መሬት ከፍታ በመነሣት ስለሆነ፣ አናቱ በቁልቁለቱ በኩል ከእውነተኛው በላይ ረዝሞ ይታያል፣ ቅርጹም ይጣመማል።

መፍትሔው የሌዘሩን መረጃ ከቀለም መረጃ ጋር ማጣመር ነው። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች 10 ሜትር ድረስ የሚለዩ ምስሎችን በነጻ ያቀርባሉ፤ ለነጠላ ዛፍ ባይበቁም የተከላውን ደን ከነባሩ ለመለየት ይረዳሉ። ለነጠላ ዛፍ በድሮን የተነሣ የቀለም ምስል ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስማቸውና ቦታቸው የተመዘገበ ዛፎች ሊኖሩ ይገባል፤ የዛፎቹን ዓይነት የሚለየው ኮምፒውተር የሚማረው ከእነርሱ ነውና። በየጎፍ ዙሪያ ያደጉ ገበሬዎች ይህን ሥራ ጠንቅቀው ስለሚያውቁት የድካማቸው ዋጋ በበጀቱ ውስጥ መካተት አለበት። የእጅ ጂፒኤስ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ በብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል የወይራው ስም ለጎረቤቱ ጥድ እንዳይሰጥ፣ ከገላጣ ቦታ ተነሥቶ በሜትርና በኮምፓስ መለካት ይበጃል። ከተመዘገቡት ዛፎችም ከፊሉን ለኮምፒውተሩ ሳያሳዩ ያቆዩአቸው፤ ካርታው ሲጠናቀቅ ትክክለኛነቱ የሚፈተነው በእነርሱ ነው።