ከ200 ወደ 120 ሚኒባስ ሲወርድ ስንት ሰው ይበቃል?

ወንድሜ፣ «በወር 200 ሚኒባስ እንገጥም ነበር፣ ትእዛዙ 120 ሆነ፤ ከ19ኙ የመገጣጠሚያ መስመር (ላይን) ሠራተኛ ስንቱን ልቀንስ?» ብለሃል። መጀመሪያ 120ውን አጣራ፦ ቀብድ የተከፈለበት ነው ወይስ ሻጮች በስልክ የነገሩህ? ኪት (ያልተገጠመው የመኪና ዕቃ ስብስብ) ታዝዞ ከጅቡቲ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። ሰው ቀንሰህ ሳትጨርስ በ200 ሂሳብ የታዘዘው ኪት በር ላይ ሊቆም ይችላል።

ስሌቱ ይኸው። በ25 የሥራ ቀን ከ8 ወደ 4.8 መኪና በቀን ትወርዳለህ። ከ480 ደቂቃ ለስብሰባ፣ ለሻይና ለጽዳት 30 ቢነሳ 450 ይቀራል፤ ስለዚህ በየ56 ደቂቃው ይወጣ የነበረው መኪና በየ94 ደቂቃው ይወጣል። የየስቴሽኑን (የየሥራ ቦታውን) ሥራ በሰዓት ለክተህ ደምር። አንድ መኪና 900 የሰው ደቂቃ (የሁሉም ሠራተኛ ደቂቃ ሲደመር) ከወሰደ ቀድሞ 16፣ አሁን 10 ገደማ ሰው ይፈልጋል። ሥራው ለሁሉም እኩል ስለማይደርስ በ0.85 አካፍለው፤ 19 እና 12 ይመጣል።

ወረቀት ላይ 7 ሰው ተረፈ። ላይኑ ላይ ግን 47 ደቂቃ ሥራ የነበረው ሰው 75 ደቂቃ ያዘ፤ የተጨመረውን የ28 ደቂቃ ሥራ አያውቀውም። ከዳሽቦርድ ጀርባ ሶኬት በደንብ ሳይገባ ይቀራል፣ ብሎን ያለ ቶርክ (በተለካ ኃይል ሳይጠብቅ) ይታሰራል፣ የፍሬን መስመር ውስጥ አየር ይቀራል። ይህ የሚታወቀው መጨረሻ ፍተሻ ላይ፣ ዳሽቦርዱ እንደገና ሲፈታ ነው።

ስለዚህ መቀዛቀዙ ለአንድ ሁለት ወር ከሆነ ፍጥነቱን አትንካ። በቀን 8 እየገጠምክ 15 ቀን ሥራ። ቀሪው 10 ቀን ለዓመት ፈቃድ፣ ለቶርክ ቁልፍ ካሊብሬሽን (ልኬቱን ለማስተካከል)፣ ቆመው ለቀሩ መኪኖች እርማት፣ እያንዳንዱን ሰው የጎረቤቱን ስቴሽን ለማስተማር ይሁን። የቀጣዩን ዙር ሳጥኖችም ያኔ ክፈትና ቁጠር፤ አንዲት የጎደለች ጋስኬት (ማሸጊያ) 19 ሰው ታቆማለች።

ከዚያ በላይ ከቆየ ኦቨርታይም አቁም፣ በለቀቀ ሰው ቦታ አትቅጠር፣ የተረፈውን ወደ ጥገናና መለዋወጫ አዛውር። የስቶር፣ የጥራትና የጥገና ሰው ግን በመኪናው ልክ አይቀንስም።

ማሰናበት ከመጣ፣ ቁጥሩ ከጠቅላላው ሠራተኛ 10 በመቶ ከሞላ (ድርጅቱ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ካለው ደግሞ 5 ሰው ከሞላ) የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 እንደ ሠራተኛ ቅነሳ ያየዋል፦ ከሠራተኛው ተወካይ ጋር ምክክር፣ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ፣ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ። ገበያው በ4 ወር ከተመለሰ ያተረፍከው የለም፤ የሠለጠነውን ሰው ግን ተፎካካሪህ ወስዶታል።

ሲመለስም በኦቨርታይም ብቻ አትተማመን። ሕጉ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ስለሚገድበው፣ በ12 ሰው 120 የሚያወጣ ላይን ከ150 ብዙም አያልፍም። አዲስ ሰው ስታስገባ ጎማና ወንበር ላይ ጀምረው። ፍሬንና ዋየሪንግ ላይ ነባሩ ይቆይ።