ያገረሸ ኃጢአት ንስሐ አለው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ካቻምና በጾመ ፍልሰታ ንስሐ ገብቼ አረቄ አቆምኩ፤ ቀኖናዬን ፈጽሜም ሥጋ ወደሙ ተቀበልኩ። ዓመት ከሁለት ወር አፌ ላይ አላደረግሁትም። ከዚያ አንድ ለቅሶ ቤት ቀመስኩና ይኸው ከድሮው ባሰብኝ። ያኔ ማታ ማታ ነበር፣ አሁን ጠዋትም እጠጣለሁ። ጎረቤቶቼ «ከድጡ ወደ ማጡ» ይሉኛል። አንድ ዘመዴ ደግሞ «የታጠበች እሪያ» የሚለውን ጥቅስ ጠቀሰብኝ። ዕብራውያን 6ን ሳነብ የወደቀውን ለንስሐ እንደገና ማደስ አይቻልም ይላል። አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አላለቀልህም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ የቀረውን ተረጋግተህ እንድታነበው ነው።

ያስፈራህ የዕብራውያን ቃል «አንድ ጊዜ ብርሃን ስለ በራላቸው» ሰዎች ይናገራል። በአባቶች ዘንድ ይህ ብርሃን ጥምቀት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ሲተረጉመው የተከለከለው ሁለተኛ ጥምቀት እንጂ ንስሐ አይደለም ይላል። ጥምቀት ከክርስቶስ ጋር መሞት ነውና፣ ይደገም ማለት ጌታ እንደገና ይሰቀል ማለት ይሆናል። አንተ ጎንደሬ ነህ፤ ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ቆመህ ታውቃለህ። ካህናቱ ውኃውን ባርከው ሲያበቁ ወጣቱ ከነልብሱ ይዘላል፣ እናቶች በጠርሙስ ይቀዳሉ። ከዚያ ውኃ እየተንጠባጠበ የሚወጣ ሁሉ ያችን በ40 ወይም በ80 ቀኑ የተጠመቃትን አንዲት ጥምቀት ያስባል እንጂ ሁለተኛ አልተጠመቀም። ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው እንኳ የመጽሐፈ ቄድር ጸሎት ይደረስለታል እንጂ እንደገና አይጠመቅም። አንተ ደግሞ አልካድክም፤ ወደቅህ። መውደቅና መካድ ሁለት ቃል ናቸው፣ አታደባልቃቸው።

ዘመድህ የጠቀሰው 2ኛ ጴጥሮስ 2 ነው። ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ቢያነበው ኖሮ ቃሉ ስለ ሐሰተኞች መምህራን፣ አርነት እናወጣችኋለን እያሉ ሌላውን ስለሚያጠምዱ ሰዎች የተጻፈ መሆኑን ባየ ነበር። እያለቀሰ «አለቀልኝ ወይ?» የሚለውን ሰው እንዲመቱበት አልተሰጠም። የጻፈውስ ማን ነው? በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ጌታውን አላውቀውም ያለ ጴጥሮስ! ጌታም ገና ሳይወድቅ «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» ብሎታል። መውደቁን እያወቀ የተናገረው ስለ መመለሱ ነው።

ይህ «ተመለሰ» የሚለው ቃላችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ወደ መጠጡ ተመለሰ እንላለን፣ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰም እንላለን። በዚህችው ከተማችን መሥራች በአፄ ፋሲል ዘመን መባቻ፣ በ1624 ዓ.ም፣ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የተባለውም በዚሁ ቃል ነው። በዕብራይስጡም እንዲሁ ነው። ኤርምያስ 3፥22 ላይ «ከዳተኞች ልጆች ሆይ፥ ተመለሱ፥ ከዳተኝነታችሁንም እፈውሳለሁ» ሲል፣ ከዳተኛ የተባለውም ተመለሱ የተባለውም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። እፈውሳለሁ ማለቱንም ልብ በል። ሰው የሚፈውሰው በሽታን ነው። ስለዚህ ሰው ሲጠይቅህ «ጠፋሁ» አትበል፣ «አገረሸብኝ» በል። ወባ ያገረሸበት ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል እንጂ መቃብሩን አያስቆፍርም።

የጎረቤቶችህን ተረት ግን አልጥለውም፤ ሳያውቁት መድኃኒቱን ነግረውሃል። እኔ ያደግሁት ደንቢያ፣ ዋልካ ምድር ላይ ነው። ድጥ ያዳልጥሃል፣ ትወድቃለህ፣ ልብስህን አራግፈህ ራስህ ትነሣለህ። ማጥ ሌላ ነው። አንድ ክረምት በሬያችን ማጥ ገባ። በታገለ ቁጥር ይሰምጥ ነበር፤ እስከ ሆዱ ደረሰ። አባቴ መጀመሪያ ያደረገው በሬውን ማረጋጋት ነበር፣ ግንባሩን እያሸ። ከዚያ ጎረቤት ተጠራ፤ ጭቃውን በዶማ ቆፈሩ፣ ከእግሩ ሥር ቅጠልና እንጨት ነሰነሱ፣ በጠፍር ጎተቱት። እስኪወጣ ጀንበር አዘቀዘቀች።

አንተ ያለኸው ማጥ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ድጥ ነበር፤ አሁን ብቻህን ስትታገል ትሰምጣለህ። «ከነገ ጀምሮ» ብለህ ስንት ጊዜ ለራስህ ምለሃል?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። አፈርኩባቸው ብለህ ሌላ አባት አትፈልግ፤ የመጀመሪያውን ቁስል ያዩት እርሳቸው ናቸው። የወደቅክበትን ለቅሶ ቤት፣ የጠዋቱን ጭምር ሳትሸፍን ንገራቸው። በራስህ ላይ ቀኖና አትቁረጥ። ሺህ ስግደት በቁጭት ጀምሮ በሦስተኛው ቀን አቋርጦ፣ ያንኑ እያዘነ የሚጠጣ ሰው አይቻለሁ። ቅዱስ ቁርባኑን እስኪፈቅዱልህ ትቆያለህ፤ ቅዳሴውን ግን አትተው፣ ቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመህም ቢሆን አስቀድስ።

ጠዋት ሳትጠጣ እጅህ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልብህ ከሆነ ሐኪም ቤትም ሂድ። ብዙ የጠጣ ሰውነት በድንገት ሲያቆም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጠበሉንም ሐኪሙንም ያዝ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚያ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ፣ ድሮ አረቄ ቤት የምታሳልፈውን ሰዓት ምን ታደርግበት ነበር? በማቴዎስ 12 ርኩሱ መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ያገኘው «ባዶ ሆኖ ተጠርጎ አጊጦም» ነው። ሰባት ከእርሱ የከፉትን ይዞ የገባው ባዶ ስለሆነ ነው። ያንተም ቤት ተጠርጎ ነበር፤ ማን ገባበት? ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገሩበት። የሰርክ ጉባኤ ባለበት ደብር ሂድ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞችህን ጠይቅ፤ ጠላው ሲዞር ግን ውኃ እንዲቀዱልህ አስቀድመህ ንገራቸው። ለቅሶ ቤት ስትሄድም ብቻህን አትሂድ፤ ነገርህን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂድና አብራችሁ ውጡ።

እኔም ማታ ማታ ከጉባኤ በኋላ እገኛለሁ። የንስሐ አባትህን ካገኘህ በኋላ መጥተህ ያሉህን ንገረኝ፤ የክርስትና ስምህንም ይዘህልኝ ና፣ በጸሎት አስብሃለሁ።