ኦንላይን ሞልቼ ለምን ፎቶ ኮፒ እጠየቃለሁ? የባሕር ዳር አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ኦንላይን አገልግሎት ናቸው። በአንድ ላይ ልመልስ።

«እናቴ ዘጌ ናት፣ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ቡና የሚገዟት ነጋዴዎች ብሩን በቴሌብር እንላክልሽ ይሏታል። ስማርት ስልክ ልግዛላት?»

ገንዘብ ካለህ ግዛላት፣ ለዚህ ብለህ ግን አትቸገር። በ*127# ትገባለች፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ የሚመጣላትን ቁጥር እየመረጠች መላክ ብቻ ነው። አስቸጋሪው ባለ 6 አሃዙ የሚስጥር ቁጥር ነው። ብዙ እናቶች ወረቀት ላይ ያስጽፉና ከስልኩ ጀርባ ባትሪው ላይ ያስቀምጡታል፤ ስልኩ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ብር ልታወጣ ስትሄድ ወኪሉ «አምጪ እማማ፣ እኔ ልሥራልሽ» ብሎ ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን ጮክ ብላ እንድትነግረው ሲያደርግ፣ ከኋላዋ የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማል። ቁጥሩን ራሷ ትጫን። ቀስ ብላ፣ ሰው ይጠብቃት።

«ባጃጅ ነው የምነዳው። ማደያ ላይ ብሩ ከእኔ ተቆረጠ፣ ቀጂው አልገባልኝም አለ። ከኋላዬ ሰልፉ ይጮሃል፣ ድጋሚ ከፈልኩ።»

ነዳጅ በዲጂታል ብቻ ይከፈል ከተባለበት ከ2015 ወዲህ ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ኔትወርክ ሲዘገይ መልእክቱ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ ብሩ ሜዳ ላይ አይቀርም። ድጋሚ ከመክፈልህ በፊት የግብይት ታሪክህን ክፈትና የግብይት ቁጥሩን ለቀጂው አሳየው። አሁን ሁለቱንም ቁጥሮች ይዘህ መጀመሪያ ማደያው ቢሮ ግባ፣ እዚያ ካልተፈታ ወደ ቴሌ። መልእክቶቹን እንዳታጠፋቸው!

«የንግድ ፈቃዴን ኦንላይን አሳደስኩ። አንድ ቢሮ ግን አትመሽ፣ ኮፒ አድርገሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ አምጪ አለኝ። ታዲያ ምኑን ኦንላይን ሆነ?»

እህቴ፣ ልክ ነሽ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። ፈቃዱ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በስልክ አንብቦ ማረጋገጥ ማኅተም ከማየት ይሻላል፤ ማኅተምማ ማንም ያስቀርጻል። ችግሩ የመስኮቱ ሠራተኛ ነገ ኦዲተር ሲመጣበት ፋይል ውስጥ ወረቀት ካላሳየ እሱ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ከእሱ ጋር አትጣይ፣ ኃላፊውን «ወረቀት የሚጠይቀው መመሪያ የትኛው ነው?» ብለሽ በትህትና ጠይቂ። አንዳንዴ መመሪያው የለም፣ ልማድ ነው። ያ ካልሠራ ግን ኮፒውን ስጪና ሥራሽን ሥሪ፣ ቀኑ ይሄድብሻል።

«ከተማው ሕዝቡን ኢንተርኔት ለማስለመድ ምን ቢያደርግ ይሻላል?»

ባነር ይብቃ። ሰው ኦንላይን የሚለምደው አንዴ ሞክሮ ሲሳካለት ነው። በየክፍለ ከተማው መግቢያ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ትዕግሥት ያለው አንድ ልጅ ይቀመጥ፤ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ልጅ አይቸግረውም። የሚሞላው ቅጽ የገበያ ሰው በሚገባው አማርኛ ይጻፍ። እና አንድ ነገር ደፍሬ ልበል፦ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት ከተማ ሰው «ሁሉንም በስልክህ ጨርስ» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ኔትወርክ ሲጠፋ በየት በኩል እንደሚስተናገድ አስቀድሞ ይነገረው፣ የወረቀቱ መስኮትም አይዘጋ።

«ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) አስመዘግብሃለሁ ብሎ ብር የጠየቀኝ ሰው አለ። ልስጠው?»

አትስጠው። ምዝገባው ነፃ ነው፣ ክፍያ ያለው ካርድ ማሳተም ከፈለግክ ነው። ደግሞም ማንም ወክሎህ አይመዘገብልህም፤ የአሥሩ ጣትህ አሻራ፣ የዓይንህ ብሌንና ፊትህ ነው የሚወሰደው። መታወቂያህን ይዘህ ራስህ ሂድ። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ሲደርስህ ደግሞ ፎቶ አንስተህ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፈው፤ እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አይቻለሁ።