ሞዴሉ የተማሪን ስህተት ቀድሞ ያውቃል? ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። «ተማሪ ምን ብሎ ኮድ እንደሚጽፍ የቋንቋ ሞዴል (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ፣ ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራም) ቀድሞ ይገምታል» ብዬ ባወራሁ ማግስት የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥ፦ መምህር፣ መገመት ሲሉ? ጥንቆላ ነው እንዴ?

መ፦ አይደለም፤ ሐሳቡም የቆየ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮርቤትና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የተማሪውን መልሶች እያዩ ትምህርቱን የመያዙን ዕድል ያሰሉ ነበር። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያንኑ ሥራ በኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌዎች በሚማር የኮምፒውተር ስሌት) ሞከሩት። እነዚህ የሚነግሩህ ልጁ «ያገኘዋል» ወይም «ይሳሳታል» የሚለውን ብቻ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ግን ጂፒቲ 2 የተባለውን የቋንቋ ሞዴል ተጠቅመው ተማሪው የሚጽፈውን ኮድ ራሱን፣ ከነስህተቱ፣ ለመገመት የሞከሩ መጡ። ለአስተማሪ የሚጠቅመው ይሄ ነው። «ይሳሳታል» ቢሉኝ ምን አደርግበታለሁ? «ሉፑን (ትዕዛዝ የሚደጋግመውን የኮድ ክፍል) አንድ ዙር ያጎድላል» ቢሉኝ ግን ተዘጋጅቼ እገባለሁ።

ጥ፦ ይሳካለታል ታዲያ?

መ፦ ችግሩ የሞዴሉ ጉብዝና ነው። «እንደ ጀማሪ ጻፍ» ስትለው ጥንቅቅ ያለ ኮድ ያመጣልሃል። ተሳሳት ብለህ ስትጫነው ደግሞ ማንም ልጅ የማይሠራውን ስህተት ይፈጥራል።

ጥ፦ ለኛ ልጆችስ ይሠራል? (ከኮዬ ፈጬ፣ አባት)

መ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ልጆቹን በኛ አቆጣጠር የወሩን ቀናት ብዛት የሚያወጣ ፕሮግራም አዘዝኳቸው። ሞዴሉ «ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ጳጉሜን 6 ያደርጓታል» ብሎ ገመተ። የፈረንጆቹ ደንብ እኮ ነው! የኛዋ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ፣ ቀሪው 3 ሲሆን ነው፤ 2015 ዓ.ም.ን (በኛ አቆጣጠር) አስታውሱ። ልጆቹማ እዚያም አልደረሱ። ብዙዎቹ 12 ወር ጽፈው ጳጉሜን ጭራሽ ረሷት። አንዷ ነሐሴን 35 ቀን አድርጋ አመጣች። ምነው ስላት፣ «አባዬ የጳጉሜን ደሞዝ አይከፈለውም፤ ወር አይደለችማ» አለችኝ። ይህን የትኛው ሞዴል ይገምታል?

ጥ፦ ኮዱን ቻትጂፒቲ ከጻፈላቸውስ?

መ፦ ያኔ የምንገምተው ልጁን ሳይሆን ሌላ ሞዴል ነው። እኔ በወረቀት አስጽፋቸዋለሁ። መብራት ሲጠፋም ይመቻል።

ጥ፦ የልጆቹን ኮድ ለሞዴሉ ልስጠው?

መ፦ ወላጅ አስፈቅዱ፣ የልጆቹን ስም ከኮዱ ላይ ሰርዙ።

ጥ፦ ከምን ልጀምር?

መ፦ መጀመሪያ የራስዎን ግምት ይጻፉ፣ ቀጥሎ ሞዴሉን ይጠይቁት፣ ከዚያ የልጆቹን ወረቀት ይሰብስቡ። ነሐሴን 35 ያደረገ ካጋጠመዎት፣ እባክዎ ይላኩልኝ።